የፑይሳን ጀርባ

ሰው ፊልም ሊያልቅ ሲል ለምን ተሽቀዳድሞ እንደሚነሳ አይገባኝም። በእኛ ሰፈር ሲኒማ ቤት ክፉው ሰውዬ ገና ወድቆ ሳይጨርስ ወንበሮቹ ቷ ቷ እያሉ መታጠፍ ይጀምራሉ። ሴቶቹ የሐብሐብ ፍሬ ገለባ ከጭናቸው ላይ ያራግፋሉ፣ ወንዶቹ ሲጋራ ይለኩሳሉ፣ አስተናባሪው ጋሽ ታም ደግሞ የመውጫውን በር መጋረጃ ሳብ ያደርጉታል። የቀን ብርሃን ዘው ብሎ ይገባና ሸራውን ያነጣዋል። አለቀ። ለእነሱ አለቀ።

ለእኔ ግን ያኔ ነው የሚጀምረው። ክፉው ሰውዬ ከሞተ በኋላ አንዲት ትንሽ ነገር ትቀራለች። ነጭ የለበሰችው ሰይፈኛ ሰይፏን ጀርባዋ ላይ አስራ፣ ለማንም ደህና ሁኑ ሳትል፣ ሸምበቆ ወደሞላው ሜዳ ትገባለች። ፊቷ አይታይም። ከኋላዋ ነው የምትታየው፤ እየራቀች፣ እያነሰች ትሄዳለች። በየግድግዳው በተለጠፈው ማስታወቂያ ላይ ፊቷ በትልቁ የተሳለው ተዋናይት ሩዪን ትባላለች። ሸምበቆው ውስጥ የምትሄደዋ ግን ሩዪን አይደለችም። የኔ ልጅ ፑይሳን ናት።

ያቺን ትንሽ ነገር ከመጀመሪያዋ እስከ መጨረሻዋ፣ ሰው ሳይጋርደኝ፣ በር ሳይከፈትብኝ፣ አንድ ጊዜ ማየት ነበር የፈለግሁት። ሌላ ምንም አልፈለግሁም። ቀብሯ ላይ አልነበርኩማ።

የምንኖረው ዳይመንድ ሂል የሚባል ሰፈር ነው፤ ከፊልም ስቱዲዮዎቹ ግንብ ሥር ከተደረደሩት የእንጨትና የቆርቆሮ ቤቶች በአንዱ። ባሌ የጭነት መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ስለሆነ አንዴ ከሄደ ከርሞ ነው የሚመጣው። እኔና ልጆቼ ቤታችን ቁጭ ብለን የፕላስቲክ አበባ እንገጣጥማለን፤ ቅጠሉን ከግንዱ፣ አበባውን ከቅጠሉ። የሰይፍ አሰልጣኙ መምህር ኳን ፑይሳንን ያዩዋት የአበባውን ጆንያ ተሸክማ ወደ ፋብሪካው ስትሄድ ነው። ዝናብ ጥሎ መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት ነበር። ሰዉ መሻገሪያ ፍለጋ ሲዞር እሷ ጆንያውን እንደተሸከመች ዘለለችው።

«ማን አስተማረሽ?» አሏት።

«ማንም። ከዘገየሁ እናቴ ሬሳዬን ፍለጋ ትወጣለች።»

አልዋሸችም። እኔ እንደዚያ ነኝ። አውቶቡስ ከቆየ ተገልብጧል እላለሁ፤ ልጅ ካሳለ ሳንባ ነው እላለሁ። ሁለተኛ ደረጃ ተምሬያለሁ፣ ጋዜጣም አነባለሁ፤ ጋዜጣ ማንበቤ ባሰብኝ እንጂ አልረዳኝም።

የሩዪን ምትክ ሆና ተቀጠረች። ሩዪን ትናገራለች፣ ታለቅሳለች፣ ሻይ በቄንጥ ትጠጣለች። ከጣሪያ ወደ ጣሪያ መብረር ሲመጣ፣ ደረጃ ላይ መንከባለል ሲመጣ፣ ፑይሳን ያንኑ ነጭ ልብስ ለብሳ፣ ፀጉሯን እንደዚያው አስራ ትገባለች። አንድ ሕግ ብቻ ነበረባት፤ ፊቷን ወደ ካሜራው ማዞር አትችልም። ምንም ቢሆን። ከዞረች ፊልሙ ይበላሻል፣ ያ ሁሉ ሰው እንደገና ይሰለፋል።

መጀመሪያ ሰሞን ተከትያት ሄጄ ነበር።

«መምህር፣ ሰይፉ ስለታም ነው?» አልኳቸው።

«እትዬ ሞክ፣ ቀርከሃ እኮ ነው። ብርማ ቀለም ተቀብቶ ነው።»

«ቀርከሃም ዓይን ያወጣል።»

«ዓይኗን ትጨፍናለች።»

«ጨፍና ከጣሪያ ብትወድቅስ?»

«ገመድ አላት።»

«ገመዱን ማን ነው የሚይዘው?»

መምህር ኳን ግንድ የሚያካክሉ ጎረምሶች አሳዩኝ። «እነዚህ ናቸው።»

«ቁርስ በልተዋል?»

ጎረምሶቹ ሳቃቸውን ለቀቁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ባዩኝ ቁጥር «እትዬ ሞክ፣ በልተናል!» እያሉ ከሩቅ ይጮሁልኛል።

ከሁሉ የምፈራው ግን የምትሞትበትን ቀን ነበር። ነጩን ልብስ በማትለብስበት ቀን ለሌሎች ትሞት ነበር፤ የተገደለች አገልጋይ፣ የተወጋች ሽፍታ፣ መንገድ ላይ የተጣለች ሬሳ። ካሜራ ፊት መሞት ጥሩ አይደለም። ስለዚህ የሞተ ሁሉ ከመሬት እንደተነሳ ሳንቲም ያለባት ቀይ ፖስታ ይሰጠዋል፤ ቤቱ ሳይገባም ሳንቲሟን ማጥፋት አለበት። አለዚያ ሞቱ አብሮት ደጃፍ ይሻገራል። ይህን በስቱዲዮው ያለ ሰው ሁሉ ይጠብቃል፣ የሚሳለቀውም ጭምር።

«ዛሬም ሞትሽ?» እላታለሁ ገና ከበሩ።

«ሁለቴ።»

«ፖስታውን ሰጡሽ?»

«ሰጡኝ። ይኸው አጥፍቼው መጣሁ። አንዱ የተጠበሰ አሳማ፣ አንዱ የዳክዬ እግር። ሌላም ብሞት ኖሮ ሙሉ ዳክዬ ነበር፣ እማ።»

«አፍሽን ያዢ አንቺ!»

ታናሿ ሙይ የዳክዬውን እግር እየጋጠች፣ «ነገም ሙቺ፣ ፑይ» ትላለች። እጇን በመመገቢያ እንጨቴ ቸብ አደርጋታለሁ። ሁለቱም ይስቃሉ።

የፊልሙን መጨረሻ የቀረጹት ዩን ሎንግ ከሚባል ገጠር አጠገብ፣ ሸምበቆው ሜዳ ላይ ነው። አመሻሹ ላይ ስትመለስ አንድ እግሯን እየሳበች ነበር።

«ምን ሆነሽ? ወደቅሽ?»

«አልወደቅሁም። የተቆረጠ ሸምበቆ ጉቶ ረገጥኩ። ጫማው ስስ ጨርቅ ነው፣ አሳለፈው። ትንሽ ናት።»

«አሳዪኝ።»

ተረከዟ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታክል ነጥብ አየሁ። ደሙም ቆሟል።

«ዳይሬክተሩ እንዴት እንደወደደው ብታዪ!» አለች እግሯን ወደ ሳፋው እየዘረጋች። «‹የቆሰለ ሰው አካሄድ ከየት አመጣሽው?› አለኝ። እንዳልነግረው፣ እንደገና እንቅረጽ ሊል ነው፤ ፀሐይዋ ደግሞ እየጠለቀች ነው። ዝም አልኩ።»

እኔ የጠየቅኋት ሁልጊዜ የምጠይቃትን ነበር። «ዛሬስ ሞትሽ?»

«ዛሬ ማንም አልሞተም፣ እማ። ዝም ብዬ ሄድኩ።»

ልቤ አረፈ። ገመድ የለ፣ ጣሪያ የለ፣ ሰይፉ እንኳ ከሰገባው አልወጣ። የሞተ ስለሌለ ቀይ ፖስታም አያስፈልግም። እግሯን በጨው ውሃ አጥቤ በንጹሕ ጨርቅ አሰርኩላት። በዚያ ዓመት ያን ዕለት እንዳደርኩት በሰላም ያደርኩበት ሌሊት የለም።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ቁርስ ላይ፣ የሩዝ ገንፎውን ማንኪያ ከአፏ አድርሳ መለሰችው።

«እማ፣ አፌ አልከፈት አለኝ» አለች በጥርሷ መሃል።

ሙይ የምትቀልድ መስሏት ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፣ ግን የፈራሁት የጥርስ ሕመም ነበር። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ አፏን ሳይሆን እግሯን ነው የጠየቀው። መንጋጋ ቆልፍ ነው አለኝ። ጀርባዋ እንደ ቀስት ይለጠጥ ነበር፣ ያ ገመድ ላይ እንደልቡ የሚታጠፍ ጀርባ። መብራት ስታይ ትንቀጠቀጣለች፤ ድምፅ ስትሰማ ትንቀጠቀጣለች። እንዳልነካት ከለከሉኝ። መከራ ሁሉ ሳይመጣ እየጠራሁ በሩ ላይ ስጠብቅ የኖርኩ ሴት፣ ይህኛውን ግን አልጠራሁትም ነበር። እኔ ሳልጠራው በእግሯ ገባ።

በቀብሯ ቀን ጫማዬን አድርጌ ስወጣ አማቴ በሩ ላይ ቆማለች።

«ወዴት ነው?»

«ልጄን ልሸኝ።»

«ወላጅ የልጁን ሳጥን አይከተልም። ሳትሰሚ ነው ያደግሽው? የመሞት ተራው ተገልብጧል። አንቺ ከተከተልሽ ሌላዋንም ጎትተሽ ነው የምትከተይው።»

ይህን ስትል የምታየው ሙይን ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይሟገት ይሆናል። እኔን ግን የት ስትነካኝ እንደምቆም ታውቃለች። ጫማዬን አወለቅሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተቀመጥኩ። የቀብሩ መለከት በመንገዱ በኩል መጣ፣ ቤታችን ትይዩ ደረሰ፣ ቁልቁል ሄደ። መጨረሻውን እስኪያጣው ድረስ ጆሮዬ ተከተለው። ጆሮ መከተሉ ያስጠይቅ እንደሆነም ፈርቼ ነበር።

ሙይ ታናሽ ስለሆነች መሄድ ትችላለች። ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ አፏን ከፍታ አሳየችኝ። ለሸኚ የሚሰጠው ከረሜላ ቤት ሳይገባ ተበልቶ ማለቅ አለበት፤ አለዚያ ሞቱ አብሮ ይገባል፣ ሲያልቅ ግን ሽኝቱ አበቃ።

«ጨርሼዋለሁ፣ እማ። እዪ።»

«ማን ተሸከማት?»

«እነዚያ ገመድ ያዦቹ። ‹ለእትዬ ሞክ በልተናል በያት› አሉኝ። ከዚያ አለቀሱ።»

ፊልሙ ወደ ሰፈራችን ሲኒማ ሲገባ ሙይን ይዤ ሄድኩ። ሩዪን ስታወራ እኔና ሙይ ዝም፣ ጀርባ በታየ ቁጥር ግን እጅ ለእጅ እንጨባበጣለን። ያ የኛ ነው፣ ያኛውም የኛ ነው። ጣሪያው ላይ የበረረችው፣ በመስኮት የገባችው፣ ሰይፉን ከኋላዋ ሳታይ የመለሰችው። ሰዉ ሲያጨበጭብ ልቤ ይሞላል። ከዚያ ክፉው ወደቀ፣ ወንበሩ ቷ ቷ አለ፣ ሸምበቆው መጣ። ሙይ ወንበሯ ላይ ወጣች።

«እማ! ፑይ ናት! ስትሄድ እዪያት!»

«ውረጂ አንቺ!» አለ ከኋላ ያለ ሰውዬ። «ሩዪን ናት እንጂ የምን ፑይ?»

«እህቴ ናት!»

«እንግዲያው የኔም እህት ናት። አሁን ውረጂ!»

ሰዉ ሳቀ፤ እየሳቀም ተነሳ። በሁለት ሰዎች ራስ መካከል የሰይፉን እጀታ ብቻ አየሁ። ወዲያው በሩ ተከፈተና እሱም ጠፋ።

በማግስቱ ብቻዬን ሄጄ ከፊት ተቀመጥኩ። ከፊቴ ማንም አልነበረም። ገና ሸምበቆው ውስጥ ስትገባ ጋሽ ታም መጋረጃውን ሳቡት። ልጄ ብርሃኑ ውስጥ እንደ ጨው ሟሟች።

ሰዉ ወጥቶ እስኪያልቅ ጠብቄ፣ ወለሉን ሲጠርጉ ቀረብኳቸው።

«ጋሽ ታም፣ በሩን ትንሽ ቆይተው ቢከፍቱት ምን ይሆናል?»

«አለቃዬ ያባርረኛል፣ እሱ ይሆናል። ውጭ ሰልፉን አላየሽም?»

«ገና አላለቀም እኮ።»

«ክፉው ሞቷል አይደል? ሌላ ምን ቀረ?»

«መሄዷ ቀረ።»

«እሱማ ይታወቃል፣ ትሄዳለች። ደግሞ የት ትደርሳለች? እስከ ሐሙስ እዚሁ ናት» ብለው ሳቁ።

አልሳቅሁላቸውም። ለማንም ያልተናገርኩት ነገር አፌን ገፍቶ ወጣ። «ሩዪን አይደለችም። ጀርባው የልጄ ነው። ሞታለች። እናት ነሽና አትሸኚም አሉኝ።»

መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት። የእጅ ባትሪያቸውን አበሩት፣ አጠፉት፣ አበሩት።

«ይህን ፊልም ከገባ ጀምሮ በየቀኑ አያለሁ» አሉ። «መጨረሻውን ግን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ሁልጊዜ መጋረጃ እየሳብኩ ነኝ።» መጥረጊያቸውን መልሰው አነሱ። «ሐሙስ ጠዋት ነይ። የመጨረሻ ቀኑ ነው፣ ጠዋት ሰው አይበዛም። አለቃዬም ቁርስ ላይ ነው የሚሆነው።»

እስከ ሐሙስ እንዴት እንደቆየሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ጋሽ ታም ይታመማሉ አልኩ። አለቃው ቁርሱን ያስቀራል አልኩ። ፊልሙን ከሌላው ሲኒማ ቤት በብስክሌት ነው የሚያመላልሱት፤ ብስክሌተኛው መኪና ይገጨዋል፣ ፊልሙ ተዘርግቶ ጎማ ይሄድበታል አልኩ። ከዚህ ሁሉ የባሰው ደግሞ ሌላ ነበር። እዚያ ቁጭ ብዬ ስትሄድ ባያት፣ ያ መሸኘት ቢሆንስ? ተራው ቢቆጠርብኝስ? አማቴን እንዳልጠይቅ ሙይን እያየች ትመልስልኛለች። ሐሙስ ጠዋት ሙይን ቤት ውስጥ ትቼ፣ ምድጃው አጠገብ እንዳትደርስ፣ ደጅ እንዳትወጣ፣ ምስማር ካለበት እንጨት እንድትርቅ አስጠንቅቄ ሄድኩ።

«እሺ ልቀመጥ ወይስ እሱም ይገድላል?» አለችኝ። እንደ እህቷ መሆን ጀምራለች።

አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነበር። ክፉው ሰውዬ ወደቀ። ወንበሮቹ ታጠፉ፣ ሰዉ ወደ በሩ ጎረፈ። በሩ ግን አልተከፈተም።

«ምንድን ነው? በሩ የት ገባ?»

«ጋሽ ታም ተኝተዋል!»

«ኧረ ጋሽ ታም! ሽንቴ ነው፣ ይፍጠኑ!»

ጋሽ ታም መጋረጃውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ቆመዋል። «ገና አላለቀም» አሉ። «ዝም በሉና እዩ።»

ማንም አላየም። በጨለማው እየተገፋፉ ፊቴ ላይ ተገተሩ። ሸምበቆው መጥቶ ነበር፣ እሷ መግባት ጀምራ ነበር፣ እኔ የሰው ጀርባ እያየሁ ነው። ስለዚህ ተነሳሁ። በሰዉ መካከል ሾልኬ ወደ መሃለኛው መተላለፊያ ወጣሁ። እዚያ ማንም አልነበረም። መተላለፊያው ቀጥ ብሎ ወደ ሸራው ይወርዳል፣ እሷም እዚያ ትሄዳለች። እግሬ ራሱ ሄደ።

ቀስ ብላ ነበር የምትሄደው። ሸምበቆው ከራሷ በላይ ነው፤ በክንዷ ገለጥ እያደረገች ታልፋለች። እኔም ቀስ አልኩ። ድንገት ቀጥ ብላ ቆመች።

ይኸው፣ ጉቶውን የረገጠችው እዚህ ጋ ነው ማለት ነው። ትከሻዋ ትንሽ ወደ ላይ ሰበቅ አለ። ራሷን ወደ ኋላ ማዞር ጀመረች። ልጅ ሲያመው እንደሚያደርገው፣ ከኋላ ሰው ያለ ይመስል። ጆሮዋ ታየኝ። ከጆሮዋ ሥር አልታሰር የምትለው ያቺ የፀጉር ዘለላ ታየችኝ። የጉንጯ ጠርዝ ታየኝ፤ ሌላ ትንሽ ብትዞር ፊቷ ነው።

«እግርሽን!» ብዬ ጮህኩ። «እግርሽን እዪ ልጄ! ቁጭ በዪ፣ አትሂጂ!»

«እትዬ፣ አትሰማሽም፣ ፊልም ነው!» አለ አንዱ። ሳቁ።

ሕጉ ትዝ አላት መሰለኝ። ራሷን ወደ ፊት መለሰች። ተረከዟን ከመሬት እያራቀች፣ በጣቶቿ ብቻ እየረገጠች መንገዷን ቀጠለች። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ነበር። አንድም ሰው አላወቀም።

ተከተልኳት። ወደ ሸራው ስቀርብ ጥላዬ ከታች ወጣ፤ መጀመሪያ የፀጉሬ ጥምጥም፣ ቀጥሎ ትከሻዬ። ሸምበቆው መካከል ገባሁ፣ ከኋላዋ።

«ራስሽን! ራስሽን ዝቅ አድርጊ!» አሉኝ ከኋላ።

ዝቅ አላደረግሁም። እሷ ሄደች፣ እኔ ተከተልኩ። እሷ አነሰች፣ የእኔ ጥላ እየተለቀ መጣ። እጄ ሸራውን ሲነካው አቧራ አቧራ ይላል፤ እሷ ያን ጊዜ የሩዝ ፍሬ ታክል ነበር። ከዚያ ሸምበቆው ብቻ ቀረ። ከዚያ ማለቁን የሚናገረው ጽሑፍ መጣ።

በሩ ተከፈተ። ሰዉ እያጉረመረመ ወጣ፣ የሚቀጥሉት የሸንኮራ አገዳ እየመጠጡ ገቡ። ጋሽ ታም በመተላለፊያው ወርደው ክንዴን ያዙኝና እስከ ውጭ አደረሱኝ። ኪሳቸውን ፈተሹ፣ አንዲት ከረሜላ አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡ።

«ቤት ሳትገቢ ጨርሻት» አሉኝ።

አፌ ውስጥ አድርጌያት ሄድኩ። ጠንካራ ከረሜላ ነበረች። በስቱዲዮው ግንብ ሥር አለፍኩ፣ ዳገቱን ወጣሁ፣ የኛ በር ጋ ስደርስ ገና ምላሴ ላይ ናት። ቆምኩ።

ሙይ በሩን ከፈተች። «እማ! ምን ቆመሽ ትሠሪያለሽ? ግቢ እንጂ።»

«አትውጪ፣ እዚያው ውስጥ ሁኚ።»

«አፍሽ ውስጥ ምንድን ነው?»

«ከረሜላ።»

«ለኔስ?»

«ይህ ላንቺ አይሆንም።»

አኩርፋ ገባች። በሩን ከውጭ ገጠም አድርጌ ደጁ ላይ ቆየሁ። ጎረቤት አልፎ ሰላም ሲለኝ በራሴ ብቻ መለስኩለት። መንከስ እችል ነበር። አልነከስኳትም።